እስከ መጨረሻው የምታየዋ

ወሬውን ያወጣችው ደስታነሽ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ወጥታ ሳለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ጋሼ መክብብ ስልኩን እያወዛወዘ ሲጮህ ሰማሁ ትላለች። «አሥራ አራት ደቂቃ! አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ የስፌት ማሽን ሳይ ቆይቼ፣ መጨረሻው ላይ የገዛ ልጄን አገኘኋት!» አለ አሉ። ደስታነሽ እርጥቡን አንሶላ ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈች። ለምን ታዳምጫለሽ ሲሏት ደግሞ «እኔ መች አዳመጥኩ፣ እሱ ነው የጮኸው» ትላለች። አንሶላው እዚያው ትከሻዋ ላይ ደረቀ።

ለምሳ ሳይደርስ ወሬው ከሀዋሳ አዲስ ከተማ ተነስቶ፣ ባህል አዳራሽን አልፎ ታቦር ወጣ። መቼም ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። በየደረሰበትም ትንሽ ትንሽ ይጨመርለታል። አንዷ «በድብቅ ተፈራርመዋል» አለች። ሌላዋ «ምን ተፈራርመዋል ትያለሽ፣ ልጅም አለ!» አለቻት። ወርቁ የሚባለው ባጃጅ ነጂ ደግሞ ልጅቷ ሐሙስ ዕለት ሻንጣ ይዛ በኔ ባጃጅ ተሳፍራለች ብሎ ማለ። ሐሙስ ዕለት እኮ ባጃጁ ተበላሽቶ ጋራዥ ነበር የዋለው!

እውነቱን የምታውቀው ሳያት ናት። እሷ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ስምንት ቁጥር ሚስማር ትመዝናለች። እጇ ይመዝናል፣ ሆዷ ሌላ ቦታ ነው።

ሳያት የመክብብ የበኩር ልጅ ናት፣ ሃያ ስምንት ሞልቷታል። ኮሌጅ ጨርሳ በመጣች በሳምንቱ አባቷ «እስቲ ሥራ እስክታገኚ ሱቁን ያዢልኝ» አላት፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ደክሟታል። ጠዋት ስትከፍት ደክሟት ነው፣ ስትዘጋም ደክሟት ነው። ከፊት ለፊት ፎቅ ጫፍ ላይ የሚቆሙት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳ፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ቁልቁል ሲያዩዋት «አንቺም እንደኛ ነሽ?» የሚሏት ይመስላታል።

ከሷ ጋር ተፈራረመ የተባለው ልጅ ሕዝቅያስ ነው። ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ ፎቅ፣ ደረጃ ሥር ተቀምጦ የስፌት ማሽን ይጠግናል። እሱ ረጅም፣ ደረጃው ዝቅ ያለ፤ ቀኑን ሙሉ እንዳጎነበሰ ነው የሚውለው። መንገድ ላይ እንኳ ቀና ብሎ መሄድ ይረሳል። እናቱ ካሰች የመክብብን ቤት ልብስ አሥራ አንድ ዓመት አጥባለች፣ ወገቧ እስኪከዳት ድረስ። ያኔ ሕዝቅያስ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እናቱን በረንዳው ላይ ነበር የሚጠብቃት። ከበረንዳው አልፎ አያውቅም። ሳያት ለእሱ በመስኮት ስታልፍ የምትታይ ነጭ ካልሲ ነበረች።

አድገው የተገናኙት በብሎን ነው። የአንድ አሮጌ ማሽን ብሎን ጠፋበትና ሱቁ መጣ። መዳፉን ዘረጋላት፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ጥርሷ የተበላ ብሎን።

«የዚች ዓይነት አለሽ?»

አልነበረም። ሳያት ሦስት ቀን የአባቷን መጋዘን ስታምስ ከርማ አገኘችለት። ብሎኗ ተገኘች፣ የልጁ መመላለስ ግን አልቆመም። «ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብህ?» ስትለው፣ «ገና አላወቅኩትም፤ እስቲ እየፈለግሽ አውሪኝ» ይላታል። እንዲህ እያሉ ነው ልባቸው የሄደው።

*

ሕዝቅያስ ቪዲዮ እየሠራ ኢንተርኔት ላይ መጫን ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ስልኩን በሽቦ ደረጃው ላይ ያስርና ይቀርጻል። ፊቱ አይታይም፣ እጁና ማሽኑ ብቻ። ክር የሚበጥሰው ማሽን ምን ነክቶት ነው፣ መርፌው ለምን ይሰበራል፣ ዘይት የቱ ጋ ይገባል። ሀሳቡ ቻናሉ ካደገ ከደረጃው ሥር መውጣት፣ ቀና ብሎ የሚቆምበት ክፍል መከራየት፣ ከዚያ አባቷ ፊት እንደ ሰው መቆም ነበር። አፍ አውጥተው ተባብለውት አያውቁም፤ ሁለቱም ግን ያውቁታል።

ቻናሉ አላድግ አለ። በሳምንት አርባ ሰው ነው የሚያየው። ያው አርባ ሰው።

«ቆይ፣ እነማን ናቸው እነዚህ አርባዎቹ?» አለችው አንድ ቀን።

«እድርተኞቹ ናቸዋ! የእናቴ እድር።» ኩራት ቢጤ ነካው። «ስብሰባ ላይ ወስነውልኛል እኮ።»

እውነቱን ነው፣ ወስነውለታል። ካሰች ልጄ ቪዲዮ ጀመረ ብላ እድሩ ላይ ብታነሳ፣ ጸሐፊው አየለ «የአባላችን ልጅ የሁላችን ልጅ ነው!» ብሎ ቃለ ጉባኤ አስያዘ። ከዚያ ወዲያ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ስም ይጠራል።

«አስማ! ከፍተሻል?»

«ከፍቻለሁ! በልጄም ስልክ ከፍቻለሁ!»

«ላይክ?»

«አድርጌያለሁ!»

ያልከፈተ ሰው ለቀብር እንደቀረ ሰው ይወቀሳል። ታዲያ ከመሀላቸው የስፌት ማሽን ያለው አንድም የለም። ከፈት ያደርጉና፣ የላይኳን አውራ ጣት ይጫኑና፣ ውልቅ። አሥር ሰከንድ አይሞላም።

ሳያት ይሄን ስትሰማ ሚዛኑን ትታ ባንኮኒው ላይ ተቀመጠች።

«ሕዝቄ፣ ገደሉህ እኮ!»

«እነማን?»

«እድሩ። ስማኝ፤ ያ ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ የሚመርጠው፣ አልጎሪዝም የሚሉት ነገር፣ ባለሱቅ በለው። ባለሱቅ ምን ያደርጋል? የደንበኛን ዓይን ያያል። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ "ሱቃችሁ ሲያምር፣ እግዜር ይባርካችሁ!" ብሎ ቢሄድ፣ አባቴ ለምርቃቱ ብሎ ዕቃውን ከፊት ይደረድረዋል? አይደረድረውም። ሰው አንስቶ ያገላበጠውን፣ የቆየበትን፣ ሄዶ የተመለሰበትን ነው ከፊት የሚያወጣው። ያንተን ቪዲዮ አርባ ሰው ይከፍተዋል፣ አርባውም ጥሎት ይሮጣል። ባለሱቁ "ይሄንስ ማንም አልፈለገው፣ ጓሮ ጣሉት" ይላል። ለእውነተኛው ልብስ ሰፊ የት ያሳየዋል?»

ለሕዝቅያስ ገብቶታል። የገባው ነገር ነው ያስከፋው።

«እና ምን ላድርግ? እድሩን "አትዩልኝ" ልበል? አባቴ ሲሞት ድንኳን የተከሉትን ሰዎች?»

ሳያት ቀልድ መስሏት፣ «እንግዲህ ቪዲዮህንም ይቅበሩልሃ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው። የሕዝቅያስ ፊት ጠቆረ።

«አንቺ ቀባሪ ቸግሮሽ አያውቅም። አይገባሽም» አላት፤ ወጥቶ ሄደ። በዚያን ቀን ምንም ነገር አልጠፋበትም ነበር።

*

ሦስት ወር አልተነጋገሩም። እሷ ትደውላለች ብሎ ይጠብቃል፣ እሱ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። ኩራት የሚሉት ነገር ሁለት ሰው ቁጭ አድርጎ ያስረጃል።

ማየቱን ግን አልተወችም። ቀትር ላይ፣ ሀይቁ የላከው ሙቀት መንገዱን ባዶ ሲያደርገው፣ የሱቁን ስልክ ሚዛኑ ላይ ታቆምና ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታየዋለች። የራሷን ስልክ ታናሽ እህቷ ሃሴት እያነሳች ስለምትበረብረው ፈርታ ነው። ሳያት የስፌት ማሽን ጉዳይ ኖሯት አይደለም። እጁን ልታይ ነው። አውራ ጣቱ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ዘይቱ፣ ሥራው ሲገጥምለት «እህ» የሚላት ነገር።

አንድ ሐሙስ ቀትር ቪዲዮው ላይ ሕዝቅያስ ሥራውን ጨርሶ ማሽኑን ጨርቅ አለበሰው። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚያበቃው። ያን ቀን አልዘጋውም። እጁን ማሽኑ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ።

«እድሩን ነገርኳቸው» አለ። «እስከ መጨረሻው የማታዩት ከሆነ ባትከፍቱት ይሻለኛል አልኳቸው። ጋሽ አየለ መዝገቡን ዘጋ አደረገና "እርዳታ አልፈልግም ያለ ሰው በእድራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነህ" አለኝ። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ይኸው አሁን ማንም የለም። ስልኬ ስንት ሰው እስከ የት እንዳየ በመስመር ስሎ ያሳየኛል። መስመሩ ወዲያው ይወድቃል። አንድ ሰው ብቻ እስከ ጫፍ ይመጣል። ማን እንደሆነ አይነግረኝም። አንቺ ከሆንሽ፣ መርፌውን የማነሳበት ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሰሽ እዪው። ሰው የሚመለስበት ቦታ መስመሩ ላይ ጉብ ብሎ ይታየኛል።»

የሳያት ልብ ሱቁን ሞላው። ተመለሰች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሦስተኛው አልተቆጠረ ይሆናል ብላ አራተኛ ጨመረች።

በሳምንቱ፣ ማሽኑ ጨርቁን ከለበሰ በኋላ ድምፁ እየሳቀ መጣ። «አራት ነው። እኔ ሦስት ነው ያልኩት። ሚዛን ላይ የምትውል፣ ሚስማር የምትቆጥር ልጅ በሦስትና በአራት ትሳሳታለች?»

ብቻዋን ሳቀች። ሚስማር ሊገዛ የመጣው ሰውዬ «ምን ነካት?» ብሎ ተመልሶ ወጣ። ሳቋ ሳያልቅ ደግሞ እንባዋ መጣ።

እንዲህ አድርገው ተጻጻፉ፤ አሥራ አንድ ሳምንት። እሱ በመጨረሻዋ ደቂቃ ይናገራል፣ እሷ በጣቷ ትመልሳለች። የዛሬ ልጆች ደብዳቤ አይጽፉም የሚል ሰው ይሄን አላየም። አሥራ ሁለተኛው ላይ ግን ሕዝቅያስ ድምፁ ሌላ ሆነ። የታችኛው ክር የሚተበተብበትን ማሽን ሲሠራ የነበረ ቀን ነው። ሥራውም አድክሞታል፣ አስታወቀ።

«ደክሞኛል» አለ። «አባትሽ በረንዳ ላይ እናቴን ስጠብቅ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ዛሬም እየጠበቅኩ ያለሁ ይመስለኛል። ቻናሉ ሲያድግ፣ ክፍል ስከራይ፣ ሰው ስሆን እያልኩ አረጀሁ። ያለኝ ይሄው ነው፤ ሁለት እጅና ከደረጃ ሥር ያለች ቦታ። ላገባሽ እፈልጋለሁ። የዛሬውን በጣትሽ እንዳትመልሺልኝ። በእግርሽ ነይ። ካልመጣሽ ግን... መስመሩ ዝርግ ይሁን። ይገባኛል።»

ሳያት ስልኩን ሚዛኑ ላይ እንደቆመ ትታው ቆየች። በጣቷ እንዳትመልስ ተከልክላለች። እግሯን ደግሞ ሞከረችው። እስከ በሩ ሄደች። የአባቷ መኪና ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ስድስት ዓመት ባንኮኒ ኋላ የቆመ እግር ድንገት ሂድ ቢሉት አይሄድም። ተመልሳ ሚዛኑ ፊት ቆመች።

መስመሩ ዝርግ ሆኖ ዋለ። በሳምንቱ ሕዝቅያስ ማሽኑን ጨርቅ አለበሰና ቪዲዮውን ዘጋው። ከዚያ ወዲያ አራት ወር ምንም አልተናገረም። እሷም ቀትርን ጠላች።

*

ዜናውን ያመጣችላት ናዲያ ናት። ናዲያ የጎረቤት ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ልጅና የሳያት የልብ ጓደኛ ናት። «የዚች ምላስ ከመቀሷ ይስላል» ይሏታል፣ እሷም አትክድም። ያለፈው ረቡዕ እየሮጠች መጣች።

«አንቺ! ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ ስላንቺ ነው የሚያወሩት፣ ወላሂ!»

«ስለኔ ምን?»

«ያ ክር የሚተበተብበት ቪዲዮ! ዘጠና ሺህ ሰው አይቶታል። ሱቄ ከሚመጡት ሰፊዎች ያላየው የለም። እስከ መጨረሻው!»

ሳያት ስልኩን ነጠቀቻት። እውነት ነው፣ ዘጠና ሺህ። ከሥሩ ደግሞ የሰው አስተያየት። «ከጂማ ነኝ፣ ማሽኔ ተሠራልኝ፣ ተባረክ። ልጅቷ ግን ሄደች ወይ?» ይላል አንዱ። «ሚስማር ቆጣሪዋ፣ እባክሽ እግርሽን አንሺ» ትላለች አንዷ ከደሴ። ሌላው ደግሞ የድሮዎቹን ቪዲዮዎች ሁሉ መጨረሻ መጨረሻቸውን ለቅሞ በተራ ጽፎታል፣ ከአራቱ ጉብታ ጀምሮ። ሳያት ያነበበችውን እንደገና አነበበችው። ምኗን ትሸፍን?

«አራት ወር የሞላው ቪዲዮ እኮ ነው ናዲያ! ለምን አሁን?» አለች፤ መልሱን ግን ራሷ ታውቀዋለች። እድሩ መንገዱን ለቀቀለት። ባለሱቁ አልጎሪዝም ቀስ እያለ አንድ ሰፊ አገኘ፣ ሰፊው እስከ መጨረሻው ቆየ፣ ባለሱቁ «ኦ፣ ይሄስ ይፈለጋል» ብሎ ለሌላ ሰፊ አሳየው፣ ያም ለሌላው። እሷው ራሷ ያስተማረችው ነገር ነው።

ቪዲዮው ሥር ሰው ደጋግሞ የሚያየው ቦታ እንደ ኮረብታ ተስሎ ይታያል። መርፌው የሚነሳበት ቦታ ላይ ትልቅ ኮረብታ ቆሟል። ሰፊዎቹ አሠራሩን ለማየት እየተመለሱ ነው። ሳያት ጣቷን እዚያ ኮረብታ ላይ አሳረፈች። ያ ቦታ የሷ ነበር። አሁን የሺህ ሰው ሆነ። ደስ ይበላት ወይስ ትቅና ግራ ገባት፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባትና ባንኮኒው ላይ ተደፋች።

አባቷ ጋ እንዴት ደረሰ እንዳትሉ፤ ማንም አልነገረውም። የሱቁ ስልክ የተከፈተው በመክብብ አካውንት ነው፣ በእጁ የሚይዘውም ስልክ በዚያው አካውንት ነው። ያ ሁሉ ቀትር ሳያት ስታይ፣ ባለሱቁ «መክብብ የሚባለው ሰውዬ ይሄን ልጅ ይወደዋል፣ እስከ መጨረሻው ነው የሚያየው» ብሎ መዝግቦ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መክብብ ዜና ሊያይ ስልኩን ቢከፍት ከፊቱ ደረደረለት። የሱቅ ልጅ ሆና ይሄን መርሳቷ! «ምንድነው ይሄ ማሽን የሚከተለኝ?» ብሎ ከፈተ። የሟች እናቱን ማሽን የመሰለ ማሽን ነው፣ ያዘው፣ ቆየ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ የገዛ በረንዳው ሲጠራ ሰማ፤ ከሥሩ ደግሞ «ሚስማር ቆጣሪዋ» የሚለውን አነበበና ማን እንደሆነች ገባው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

*

እሁድ ከሰዓት ሰው ተጠራ። ሳሎኑ ውስጥ ጋሼ መክብብ፣ የቤተሰቡ ሽማግሌ ኃይለጊዮርጊስ፣ ከታቦር ደግሞ የመክብብ እህት ጸሐይወርቅ። ጸሐይወርቅ ባል አግብታ ታቦር ከመውጣቷ በፊት እዚሁ ቤት ነው የኖረችው፤ ከተጠራችበት ሰዓት በፊት የምትደርሰው ለወሬ ብቻ ነው። ሳያት ጥግ ተቀምጣለች። ናዲያ ማንም ሳይጠራት መጥታ ከጎኗ ተለጥፋለች። «ውጪ» ሊሏት ፈልገው አፏን ፈሩት።

ሕዝቅያስና እናቱ መጡ። ግቡ ያላቸው ሰው የለም። በረንዳው ላይ፣ በሩ ሥር ቆሙ። ካሰች ወገቧን በእጇ ደግፋ ነው የቆመችው።

ጋሼ መክብብ ይጮሃል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አልጮኸም። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው ነው።

«ልጄ፣ እኔ ካንተ ጋር ጠብ የለኝም» አለ። «ገበያ መሀል ሰው እየጠቆመኝ ነው። ያንን ቪዲዮ ታጠፋለህ። ከዚያ ሌላ ትሠራና "እንዲህ ያለች ልጅ የለችም፣ ሰው እንዲያይልኝ ብዬ የፈጠርኳት ናት" ትላለህ። በቃ። አይሆንም ካልክ የፎቁ ባለቤት ወዳጄ ነው፣ ነገ ከደረጃውም ሥር ትነሳለህ።»

«መክብብ፣ በቀስታ» አለ ኃይለጊዮርጊስ።

«በቀስታ ነው እኮ የተናገርኩት! ጉልበቱስ የት አለኝ?»

ሁሉም ወደ ሕዝቅያስ ዞረ። ያ ቪዲዮ ከሁለት ዓመት በላይ አጎንብሶ የጠበቀው ነገር ነው። በሱ ምክንያት የድሮዎቹም መታየት ጀምረዋል፣ ከሌላ ከተማ ማሽን እየተላከለት ነው። አሁን ቢያጠፋው ባለሱቁ እንደገና ጓሮ ይጥለዋል። ይሄን ከሳያት በላይ የሚያውቅ እዚያ ቤት አልነበረም።

ሕዝቅያስ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«አጠፋዋለሁ፣ ጋሼ» አለ። ድምፁ የተኛ ሰው ድምፅ ይመስላል። «ሌላውንም እላለሁ። ልጅ የለችም እላለሁ። ውሸትም አይሆንብኝም። የጠየቅኳት ሰው መልሷን ሰጥታኛለች። መስመሩ ዝርግ ነበር።»

ጸሐይወርቅ «የምን መስመር ነው?» ብላ ወደ ኃይለጊዮርጊስ ተጠጋች። እሱም አልገባውም። ለሳያት ግን ገባት። አራት ወር ሙሉ ያንን ዝርግ መስመር እንደ እምቢታ ተሸክሞ ሲዞር እንደከረመ ገባት።

«አታጥፋው!»

ተነሳች። ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

«ሳያት፣ ተቀመጪ» አለ አባቷ።

«አልቀመጥም አባዬ። ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ።» ወደ በሩ ዞረች። ሕዝቅያስን ፊት ለፊት ካየችው አሥር ወር ሆኗት ነበር፤ የከሳ መሰላት። «ዝርጉ እምቢ አይደለም፣ ሕዝቄ። በጣትሽ አትመልሺ አልከኝ፣ አልመለስኩም። በእግርሽ ነይ አልከኝ፣ እስከ ሱቁ በር መጣሁና እግሬ አቃተው። ፈራሁ። ድካም ነው ያየኸው፣ እምቢታ አይደለም። አንተ ጭርሱን ዝርግ ነው ብለህ ዘጋኸው። አንዴ ደግመህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ደግሜ ብጠይቅና ደግሞ ዝርግ ቢሆንስ?» አለ ሕዝቅያስ። «በምን ጉልበቴ እችለዋለሁ?»

«እኔስ በምን ጉልበቴ የቻልኩት ይመስልሃል?»

ምንጣፉን ተሻገረች። ከመስኮት የምትታየው ልጅ በአባቷ ሳሎን መሀል አለፈች፣ በሩን አለፈች፣ በረንዳው ላይ ቆመች። ከአጠገቡ። እጁን አልያዘችም፣ በአባቷ ፊት አይሆንም። ትከሻዋ ግን ክንዱን ነካው። ሕዝቅያስ ለረጅም ጊዜ ያጎነበሰ አንገቱን ቀስ ብሎ ቀና አደረገው፤ እንባውን እንዳያዩበት እንደገና ደፋው።

«ያቺ ልጅ እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ሳያት። «የለችም አስብለህ ብታስቀርጸው፣ እኔ አለሁ ብዬ እቀረጻለሁ። እለምንሃለሁ፣ እሱን አታስዋሸው።»

ጋሼ መክብብ ልጁን እንደዚህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። መቆጣት ፈልጎ ነበር፣ ቁጣው ግን እንደ ድሮው አልመጣለት አለ። ኃይለጊዮርጊስ ከዘራውን አየ። ካሰች አንገቷን ደፍታ «ይቅር በሉን፣ ጋሼ፣ እኛ ክፉ አስበን አይደለም» አለች፤ እሷ ምን አጠፋችና!

ዝም ቢባል ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ይረግብ ነበር። ጸሐይወርቅ ግን ዝም ማለት አልሠራላትም። ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፣ ነጠላዋን አጣፋች።

«ጉድ ነው! የመክብብ ልጅ ለልብስ አጣቢ ልጅ! ነገ ይቺ ሴት ምራቴ ናት ብላ ከኛ እኩል ልትቀመጥ? የዚህን ቤት ስም አገር ለአገር አዝርተውት! እነዚህ ሰዎች የቤት ገመና ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ካሰች ያበጡ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደበቀች። ሳያት አፏን ልትከፍት ስትል ናዲያ ቀደመቻት። ከጥጉ አልተነሳችም፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

«እትዬ ጸሐይወርቅ፣ እትዬ ካሰች እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የውስጥ ልብስ ሲያጥቡ ያንተን ያንቺን ብለው አልለዩም፣ የእርስዎም አለበት። የማን ምን እንደሚመስል ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ሀዋሳ ውስጥ ካሰች እንዲህ አለች የተባለ አንድ ወሬ ሰምተው ያውቃሉ? እናንተ የገዛ ልጃችሁን ምስጢር ለሁለት ቀን መያዝ አቅቷችሁ ታቦር ድረስ አድርሳችሁታል!»

ጸሐይወርቅ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ኃይለጊዮርጊስ ወለሉን አየ። ጋሼ መክብብ ወደ ካሰች ቀና ሊል ሞከረና ዓይኑ አልደፈረም። ሕዝቅያስ ቪዲዮውን ሳያጠፋ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው።